ጨው ከቤታችን ወጥቷል

ሐረር፣ አቦከር
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለብሌን ወልደሚካኤል፤
በርገን፣ ኖርዌይ

እንደምን ከርመሻል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። ብርዱ እንዳይጎዳሽ ዘወትር እጸልያለሁ፤ ጸሎቱ እስኪደርስ አንቺም ሹራብ ደርቢ።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የያዝኩት ወድጄ አይደለም። የእኔ ጆሮ ስልክ አይሰማም፣ አባትሽ ደግሞ በየእሑዱ ስትደውዪለት «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ደህና አይደለም። ራሱን ሲያመው ከረመ፣ እግሩ አበጠ፣ በግድ ሆስፒታል ወሰድኩት። የመረመረው ሐኪም ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው። ግፊቱ ሰማይ ወጥቷል፣ ኩላሊቱ መድከም ጀምሯል፣ ግፊቱ ካልወረደ መጨረሻው የኩላሊት እጥበት ነው አለን። ይህን ሁሉ ሲናገር አንዴም ቀና ብሎ አላየንም፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው የሚያወራው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ወጥ ላይ ጨው ይጨምራሉ?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ባገኝ ከክፍል አስወጣው ነበር። «የአንተ እናት አትጨምርም?» አልኩት። ኪኒን ጽፎ ሸኘን።

አንቺ ነርስ ነኝ ስለምትዪ ይህ ልጅ ያለው እውነት መሆን አለመሆኑን ጻፊልኝ። የግፊት መለኪያም ላኪልን፤ በየጊዜው ሆስፒታል ደጃፍ ተሰልፌ መዋል አልችልም። የዘላለም እናት ልጇ ለገና ከበርገን እንደሚመጣ ነግራኛለች። እሱ ሲመለስ የዓመቱን በርበሬሽንና ሽሮሽን ያመጣልሻል፤ እንደ ወትሮው ራሴ ያሰናዳሁት ነው።

ጤና ይስጥሽ።
አክስትሽ ብዙነሽ


በርገን
ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ብዙነሽ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ሹራብም ደርቤያለሁ።

ሐኪሙ ጢም ባይኖረውም ያለው ትክክል ነው። ጨው ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጨው ሲበዛ ደም ውስጥ የሚቆየው ውሃ ይበዛል፣ ልብ ያንን ሁሉ መግፋት አለበት፣ የደም ሥሮች ውለው አድረው ይደርቃሉ። ኩላሊት ትርፉን ለማውጣት ሲታገል ኖሮ አንድ ቀን ያቅተዋል። ትርፉ በሽንት ሲወጣም ከአጥንት ማዕድን እየሸረሸረ ነው የሚወጣው። ጨው የለመደ ሰው ይጠማዋል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ሳይርበው ይበላል፣ ይወፍራል፣ ቀስ በቀስ ስኳሩም ይዛባል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ይበቃዋል። እናንተ ቤት በጭልፋ እንደሚጨመር ልጅ ሆኜ አይቻለሁ።

የጎረቤታችን የነኢማ ሆጃ ደግሞ አለ። የቡና ገለባ በወተት አፍልቶ ጨው መጨመር የማን ብልሃት እንደሆነ አላውቅም፤ አባዬ በቀን ሁለት ስኒ እንደሚጠጣ ግን አውቃለሁ።

መለኪያውን ዘላለም ያመጣልዎታል። ጨው ከዚያ ቤት ይውጣ። «ትንሽ ነው» «ለጣዕም ነው» የሚል ነገር መስማት አልፈልግም። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሽማግሌዎቹን ስለ ጨው የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የሚያስተምሩትን መኖር ደግሞ ግድ ነው። ቤቴ የጨው ዕቃ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። ምግቤ የእርስዎ ሽሮና በእርስዎ በርበሬ የተሠራ ምስር ነው፣ ምንም አልጨምርበትም፣ ምንም አይጎድለውም። ሰው ከፈለገ ይችላል።

ኪኒኑን እንዳያቋርጥ።
ብሌን


ሐረር፣ አቦከር
መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለብሌን፤

በሰላም ነሽ ወይ? ጾሙ እንደ ገባ ታውቂ እንደሆነ አላውቅም፤ ገብቷል።

ትምህርትሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለአባትሽ። አባትሽ «ጎበዝ ልጅ ናት» ብሎ ተኛ።

እንዳዘዝሽው ጨው ከቤታችን ወጥቷል። የጨው ዕቃዬን አጥቤ የቁልፍ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ወጥ ስሠራ አንዲት ፍሬ አልነካም፤ በቁልቢው ገብርኤል እምላለሁ። አባትሽ የመጀመሪያውን ቀን ሽሮውን ቀምሶ «ምን ጎደለው ታዲያ?» አለኝ። እኔም ቀመስኩት፣ የጎደለው ነገር የለም። ለካ ጨው ስም ብቻ ኖሯል ብዬ ናቅኩት።

ነኢማ እንደ ልማዷ ሆጃ በቴርሞስ ይዛ መጣች። ለአንድ ሰሞን ደብቄሽ ነበር፣ አሁን ግን እነግርሻለሁ፤ አልከለከልኳትም። ሠላሳ ዓመት ያመጣችውን ነገር በደብዳቤ ትምህርት በር ላይ መመለስ ነውር ነው። አባትሽን ግን ግማሽ ስኒ ብቻ ነው የማስጠጣው።

መለኪያሽ ይሠራል አይሠራም እንጃ። ጨው ከወጣም በኋላ መቶ ሰባ በመቶ ነው የሚለው። የፈረንጅ ክንድ የለመደ ማሽን ይሆናል። ለማንኛውም በዚህ ጾም ቅባት የለም፣ ሥጋ የለም፣ ምሳም ራትም ሽሮ ነው፤ ለፋሲካ ወርዶ ታገኚዋለሽ።

አክስትሽ ብዙነሽ


በርገን
ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙነሽ፤

እንኳን ለሆሳዕና አደረሰዎ።

ማሽኑ የሰው ክንድ አይመርጥም። ዘላለም ላይ ሞክሬው ነው የላክሁት። ማሽን አይዋሽም፤ ሰው ግን ይዋሻል።

እዚህም «ጨው በአፌ አልዞረም» እያሉ የሚምሉልኝ አሮጊቶች አሉ። አንሶላ ስንቀይር ትራሳቸው ሥር በጨው የደረቀ ዓሣ እናገኛለን። እነሱም በአምላካቸው ስም ነው የሚምሉት። ጾም ላይ ያለ፣ ኪኒን የሚውጥ፣ ጨው ያልነካ ሰው ግፊቱ ጨምሮ መቶ ሰማንያ አይገባም። ትናንት አባዬን በስልክ ጠይቄው ነገረኝ። ስለዚህ ወይ እርስዎ ሲያበስሉ እየጨመሩ ነው፣ ወይ እሱ ሸዋ በር ገበያ ወጥቶ ሳምቡሳ እየበላ ነው፣ ወይ ግማሽ ስኒ ያሉት ሆጃ ግማሽ ቴርሞስ ነው። የትኛውም ቢሆን እርስዎ እያወቁ ነው።

አንድ ሕመምተኛ መጠበቅ ካቃተዎ በግልጽ ይንገሩኝ። የእናቴ እህት ልጅ ፍፁም አዲስ አበባ ሰፊ ቤት አለው። ልኬው አባዬን ይወስደዋል፣ ደመወዝ የሚከፈላት ሰው ትጠብቀዋለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች።

የነኢማ ሆጃ ዛሬውኑ ይቁም።
ብሌን


ሐረር፣ አቦከር
ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሪት ብሌን ወልደሚካኤል፤

እርስዎ በጻፉት ደብዳቤ መሠረት የሚከተለውን አሳውቃለሁ።

ነኢማን በር ላይ መልሻታለሁ። «የብሌን ትእዛዝ ነው» አልኳት። ቴርሞሷን ታቅፋ «ማሻአላህ፣ ያቺ እኔ ያዘልኳት?» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደጃችን አልረገጠችም።

አባትዎ ግንቦት ላይ መድኃኔዓለም ቅጽር ውስጥ ቅዳሴ ቆሞ ወድቋል። ሆስፒታል ሰንብቶ ወጥቷል። በስልክ «ደህና ነኝ» ያለዎት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ኩላሊቱ ብሶበታል። ያ ጢም አልባ ሐኪም እስከሚመጣው ዓመት ካልተሻለው እጥበት ይጀምራል ብሏል። እንደገናም ስለ ጨው ጠየቀኝ፤ ከወጥ ከወጣ መክረሙን ነገርኩት፣ እሱም እንደ እርስዎ አላመነኝም።

ፍፁምም መጥቶ ነበር። መኪናው ደጅ ቆማ ሳለ አባትዎ የበሩን መቃን በሁለት እጁ ይዞ «የምሞተው እዚህ ነው» አለ። ፍፁም ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ሻይ በስኳር ነው የሰጠሁት፤ ለመዝገብዎ እንዲሆን።

ደመወዝ የሚከፈላት ሰው ካገኙ ይላኩ። የታዘዘችውን እንድትሠራ እኔው አዝዛታለሁ።

ብዙነሽ


በርገን
ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙነሽ፤

«እርስዎ» ብለው የጻፉልኝን አይቻለሁ። ልጅ ሆኜም ሲቆጡ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉኝ፤ ያኔ አስለቀሱኝ፣ አሁን አላለቀስኩም።

አባዬ ወድቆ አለመንገርዎ ግን ይቅር የምለው ነገር አይደለም። በጥር እመጣለሁ። አውቃለሁ፣ አምናም ካቻምናም ብዬ ነበር። መጥቼ ማጀትዎን በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማን ውሸታም እንደሆነ እንነጋገራለን።

ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። ሰሞኑን ከማጅራቴ ተነሥቶ ራሴን ያመኛል፣ ቀለበቴም ጣቴ ላይ ጠቦኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በርበሬውና ሽሮው እያለቀብኝ ነው። ዘንድሮ ትንሽ ጨምረው ያሰናዱልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ከእርስዎ ጋር አይገናኝም። ይህን ያህል ተጣልተን ይህን መጠየቄ እንደማያስገርምዎት አውቃለሁ።

ብሌን


ሐረር፣ አቦከር
ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሌን፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ አንቺ እልሻለሁ፣ ምክንያቱን ስታነቢ ይገባሻል።

በርበሬሽን ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ከነቅመሙ ግቢ ውስጥ አሰጣሁት። ኮረሪማው ተፈለፈለ፣ ነጭ አዝሙዱ ታመሰ፣ ወፍጮ ቤት ለመሄድ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የጨው ዕቃዬ የቁልፍ ማስቀመጫ ስለሆነ አብዱልፈታ ሱቅ ሄጄ ጨው ስጠኝ አልኩት። መንደሩ ሁሉ ታሪካችንን ያውቃል፣ «እትዬ ብዙነሽ፣ ጨው ትተዋል ሲሉ ሰምቼ?» አለኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ለወጥ አይደለም፣ ለበርበሬው ነው» አልኩት።

አፌ የተናገረውን ጆሮዬ ሰማው። ለአንድ ጊዜ ጆሮዬ ሠራ። አብዱልፈታ ጨውን ይዞ ቆሞ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። አልሳቀም፣ ልጅ ቢሆንም ጨዋ ነው።

ብሌን፣ በርበሬው ጨው አለው። ሁልጊዜም አለው። ከመፈጨቱ በፊት በሳህን ለክቼ የምጨምረው እኔ ነኝ። ሽሮው ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል፣ የገባበትም በርበሬ ጨው አለው፣ ያም በላይ በላዩ። ሚጥሚጣው አለው። አዋዜው አለው። እኔ ከወጡ ላይ አንዲት ፍሬ ስከለክል ከርሜ በጭልፋ በርበሬ እጨምር ነበር፤ ጣዕሙ ሳሳ ሲለኝ ደግሞ በርበሬውን አበዛሁበት። በጾሙ ቅባት የለም ብዬ ምሳም ራትም ሽሮ አበላሁት። ግፊቱ ጨመረ ብለን ደግሞ ማሽኑን ሰደብን።

አሁን ተራ በተራ እንናናቅ። ሐኪሙ «ወጥ ላይ ይጨምራሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ እንጀራና ሽሮ በልቶ ያደገ ልጅ ነው፣ ሽሮ እንዴት እንደሚሰናዳ ግን አያውቅም። እኔ ድምር ሳስተምር ኖሬ አንድ ሳህንና አንድ ሳህን መደመር አቃተኝ። በቁልቢው ገብርኤልም ማልኩ፤ መሐላዬ እውነት ነበር፣ ሞኝነቴም እውነት ነው። ከሁላችን ግን አንቺ ትበልጫለሽ። ፈረንጅ ሽማግሌ ሰብስበሽ ስለ ጨው ታስተምሪያለሽ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ሽሮዬን ትበያለሽ፣ «ምንም አልጨምርበትም፣ ምንም አይጎድለውም» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ምን ሊጎድለው!

አሁን ደግሞ ከማጅራትሽ ተነሥቶ ራስሽን ያምሻል፣ ቀለበትሽ ጠቧል፣ ሥራ በዝቶ ነው ትያለሽ። የሥራ ብዛት ቀለበት ያጠባል ወይ? አባትሽ ላይ የደረሰውን ከመጀመሪያው አንስቼ አይቻለሁ፤ እንደዚሁ ነው የጀመረው።

በርበሬው ግቢ ተሰጥቶ አለ። ክንድሽን ለማሽኑ ሰጥተሽ ቁጥሩን እስክትጽፊልኝ ድረስ ወፍጮ ቤት አልወስደውም፣ አንዲት ማንኪያም አልልክልሽም።

አክስትሽ ብዙነሽ


በርገን
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙነሽ፤

መቶ ስልሳ አምስት በመቶ ሁለት።

ሥራ ቦታ ነው የተለካሁት። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አመጣሁ፣ እሱም ያንኑ አለ። የፈረንጅ ክንድ የለመደ ነው ለማለት እንኳ ሞከርኩ። የለካችኝ ባልደረባዬ «ስለ ጨው የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ምሳዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሽሮ ነው።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ኩላሊቴ ለጊዜው ደህና ነው ተብያለሁ። ኪኒን ጀምሬያለሁ። ስለዚህ የአባዬን ስንት ወር በስድብ ያባከንኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እርስዎ እውነቱን ሲነግሩኝ ነበር፣ እኔ ውሸታም አልኩዎ። ይቅርታ አጠያየቅ አልችልበትም፣ ይህን ከማን እንደወረስኩ ያውቃሉ።

ለነኢማ ደግሞ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። ለእሷ ይቅርታ መጠየቅ አልከበደኝም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለአባዬ ጨው የሌለው በርበሬና ሽሮ ያሰናዱለታል ብዬ አምናለሁ። ከዚያው ይላኩልኝ። ለእኔ ተብሎ የተለየ እንዳይሆን።

በጥር እንዲያሳርፉኝ ጠይቄ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ትኬቱን ስቆርጥ ያን ጊዜ ይመኑኝ።

ብሌን


ሐረር፣ አቦከር
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን፤

እግዚአብሔር ይማርሽ። ቁጥርሽ ደርሶኛል፤ ክፉ ቁጥር ነው፣ ግን እኔ ቤት ከዚያ የከፋ አይቻለሁ።

በርበሬውና ሽሮው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዘንድሮ ቀደም ብሎ መጥቶ በሚመለሰው በዘላለም እጅ ነው። ጨው የለውም። ጨው የሌለው በርበሬ ይነቅዛልና ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው፤ ትንሽ ነው፣ በየጊዜው አስፈጭቼ እልካለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን አብዝቼበታለሁ፣ ሎሚም ጭመቂበት። ይጣፍጣል ብዬ አልዋሽሽም።

ደብዳቤሽ ሳይደርስ የአንቺን ትቼ ለአባትሽ ጥቂት ያለ ጨው አስፈጭቼለት ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ጉርሻ ጎርሶ ሳህኑን ገፋው። «ጭቃ ነው» አለ። በማግስቱም ገፋው። «ያለ ጨው ከመቶ ዓመት በጨው አንድ ዓመት ይሻለኛል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሐኪሙን አስጠራሁበት፤ ያ ልጅ ቤት ድረስ መጣ፣ ጢምም አብቅሏል። አልሰማውም። በዳቦና በሻይ ሰነበተ። በቃ፣ እዚህ ድረስ ነው የእኛ ነገር ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ፣ አነበብኩለት። «መቶ ስልሳ አምስት በመቶ ሁለት» ስል አስቆመኝና «የማን ነው?» አለኝ። «የብሌን» አልኩት። ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ተነሥቶ እጁን ታጠበና «ያንን ጭቃ አምጪው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይበላል። ግፊቱ ዝቅ ማለት ጀምሯል፣ የእግሩ እብጠት ጎድሏል፣ ኩላሊቱ ባይድንም አልባሰበትም፣ እጥበቱ ይቆይ ተብለናል። ነኢማም ደብዳቤሽን ይዛ መጥታ ነበር። ሆጃውን ያለ ጨው አፍልታ አመጣች፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፣ ሦስታችንም ጨርሰን ጠጣነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አባትሽ ሳህኑ ፊቱ ሲቀርብ ከመጉረሱ በፊት ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ «ብሌንም ይህንኑ ነው የምትበላው?» ይለኛል። «ይህንኑ ነው» እለዋለሁ፣ ከዚያ ይጎርሳል። ያለዚያ አይጎርስም።

ስለዚህ የላክሁልሽን ብዪ። አንዴ ውሸታም ብለሽኛል፣ ይበቃኛል።

አክስትሽ ብዙነሽ